የአሳላፊው እጅ

ታላቅ እኅቴ ባለፈው የገና ሰሞን ከቪየና ስትመጣ ከሻንጣዋ አስቀድማ ያወጣችው ልብስ ወይም ቸኮላት አልነበረም፤ በነጠላ ተጠቅልሎ በሹራቦች መካከል የተሸጎጠ ካርቶን ነበር። እናታችን ሥዕለ ማርያም የመጣላት መስሏት አማተበች። ካርቶኑ ሲከፈት ግን ሦስት የወይን ብርጭቆዎች ወጡ። ሦስቱም ባለ እግር፤ ሦስቱም ከመጥራታቸው የተነሣ ጠርዛቸውን ብቻ ብርሃን የሚያሳይላቸው።

«ይህን ያህል አገር አቋርጠሽ ብርጭቆ ተሸክመሽ መጣሽ?» አለች እናቴ። «እዚህ ብርጭቆ ጠፋ?»

እኅቴ በዚያች ከተማ ምግብ ቤቶች በአሳላፊነት ስትሠራ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ለእናታችን ሳቅ ብቻ መለሰችላት። ወደ እኔ ዞር ብላ ግን፣ «ወንድምዓለም፣ አንተ የመጻሕፍት ሰው ነህ፤ እኔ እነዚህን የማውቃቸው በማጠብ ነው። ከሦስቱ የሚበልጠውን ምረጥና ምክንያቱን ጻፍልኝ» አለችኝ። እኔ ቀን ቀን በባንክ መስኮት ኋላ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ቤት አልመታ የሚለኝን ግጥም የማሳድድ ሰው ነኝ፤ ስለ ወይን ያለኝ ዕውቀትም ከሠርግ ቤት አያልፍም። ነገር ግን «እሺ እትዬ» ብያለሁና ከዚያን ቀን ወዲህ ያነበብሁትንና ያሰብሁትን እነሆ።

አማርኛችን ለዚህ ዕቃ ክፍሎች የጸና ስም ስላልሰጠ ከሰው አካልና ከማሳ ልዋስ። አፍ የሚነካውን ከንፈር፣ ወይን የሚይዘውን ሆድ፣ ጣት የሚይዘውን ቀጭን ዘንግ አገዳ፣ ከጠረጴዛው ላይ የሚያርፈውን መቀመጫ እላለሁ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አገዳው ነው። ያለ ሆድና ያለ ከንፈር ብርጭቆ የለም፤ ያለ አገዳ ግን መጠጣት ይቻላል። ሰው ለብዙ ሺህ ዓመታት በቅል፣ በቀንድ ዋንጫና በሸክላ ያለ አገዳ ጠጥቷል። እንግዲህ ይህ ለመሰበር የተፈጠረ የሚመስል ቀጭን ነገር ስለ ማን ሲባል መጣ?

ብርጭቆን በእስትንፋስ ነፍቶ የመቅረጽ ጥበብ የተገኘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው የመጨረሻ ምዕተ ዓመት፣ በምሥራቃዊው የሜዲትራኒያን ባሕር ጠረፍ ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ ሁለት ትውልድ ውስጥ ብርጭቆ ከነገሥታት ቤት ወጥቶ የተራው ሮማዊ ዕቃ ሆነ። ፔትሮኒየስ በጻፈው «ሳቲሪኮን» ውስጥ ትሪማልኪዮ የሚባል አዲስ ሀብታም ግብር አብልቶ እንግዶቹ ፊት ይደነፋል። ብርጭቆ እንደ ነሐስ አይሸትም፤ ባይሰበር ኖሮ ከወርቅ አስበልጠው ነበር ይላል። አስከትሎም የማይሰበር ብርጭቆ የፈለሰፈ አንድ ጠቢብ ሥራውን ለንጉሠ ነገሥቱ ቢያሳየው ንጉሡ «ይህን ሌላ ሰው ያውቃልን?» ብሎ ጠይቆ፣ የለም ቢለው አንገቱን አስቀላው ይላል። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር ቢታወቅ ወርቅ እንደ ጭቃ በረከሰ ነበር። ተረት ነው፤ ነገር ግን ባንክ ቤት ለሚውል ሰው እንዲህ ያለ ተረት እንቅልፍ ይነሣል። ብርጭቆ ዋጋው ያለው መሰበሩ ላይ መሆኑን ያ ንጉሥ አውቆት ኖሯል።

ዛሬ የምናውቀው ባለ አገዳ ብርጭቆ ግን ክብሩን ያገኘው በቬኒስ ነው። የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 የብርጭቆ እቶኖች ሁሉ ከከተማይቱ ወጥተው ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲሄዱ አዘዘ። ከተማዋ በእንጨት ቤት የተሞላች ነበረችና እሳት ፈርተው ነው። ውጤቱ ግን ሌላም ሆነ። ጠቢባኑ ሁሉ በአንዲት ትንሽ ደሴት ተሰበሰቡ፤ ምሥጢራቸውም አብሮ ተከተተ፤ ጥበቡን ይዞ ወደ ውጭ አገር መኮብለልም ወንጀል ሆነ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አንጀሎ ባሮቪዬር የሚባል የሙራኖ ሰው ከምሥራቅ የሚመጣውን የዕፅዋት አመድ አጥርቶ፣ ከነጭ የወንዝ ድንጋይ ዱቄት ጋር አቅልጦ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ብርጭቆ እንዳወጣ ይነገራል። «ክሪስታሎ» አሉት፤ ከተፈጥሮ የጠራ የክሪስታል ድንጋይ ጋር ሲያመሳስሉት። እኛም «ብርሌ» ስንል ሳናውቀው ያንኑ ማድረጋችን ሳይሆን አይቀርም፤ በራእየ ዮሐንስ የቅድስት ከተማ ስምንተኛው መሠረት «ቢረሌ» የተባለው የከበረ ድንጋይ ነውና፣ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምድናቸው ይሰማል።

የቬኒስ ብርጭቆ እንደ ማር የሚሳብ፣ እንደ ገለባ የሚቀል ነበር። አገዳውንም ባዶ አድርገው ይነፉት፣ እንደ አንበሳ ፊት ይቀርጹት፣ እንደ ዘንዶ ይጠመዝዙት ነበር። እነሆ ጥያቄዬ እዚህ ላይ መልስ አገኘ፤ ያገኘሁትም በሥዕል ነው። ፓኦሎ ቬሮኔዜ እ.ኤ.አ. በ1563 የቃና ዘገሊላን ሠርግ ሥሏል። ቁመቱ ወደ ሰባት ሜትር፣ ወርዱ ወደ ዐሥር ሜትር የሚጠጋው ይህ ሥዕል ለአንድ የቬኒስ ገዳም የምግብ አዳራሽ የተሠራ ሲሆን በ1797 የናፖሊዮን ሠራዊት ነቅሎ ወሰደው፤ ዛሬም በፓሪስ ሉቭር ነው። በሥዕሉ መሐል ክርስቶስ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ግን የቬኒስ መሳፍንት፣ ውሾች፣ ሙዚቀኞችና ብዙ ብዙ አሳላፊዎች ይርመሰመሳሉ። በስተቀኝ በኩል የከበረ ነጭ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ቆሟል። ወደ ክርስቶስ አይመለከትም። በእጁ የያዘውን ስስ ብርጭቆ፣ በውስጡም ውኃ የነበረውን ወይን ይመለከታል። ተአምሩን ያስተዋለው እርሱ ነው፤ ያስተዋለውም በሚያሳልፍበት ዕቃ ውስጥ ነው።

በዚያ ዘመን በመሳፍንት ማዕድ ላይ ብርጭቆ በእያንዳንዱ እንግዳ ፊት አይቀመጥም ነበር። ብርጭቆዎቹ በግድግዳው ጥግ በተዘረጋ መደርደሪያ ላይ ይቆያሉ፤ የጠማው ጌታ ምልክት ይሰጣል፤ አሳላፊው ቀድቶ በሰሐን ላይ አድርጎ ያመጣል፤ ጌታው ጠጥቶ ይመልሳል፤ አሳላፊው አጥቦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ይህ ሥርዓት በብዙ የአውሮፓ አገሮች እስከ 18ኛው ምዕተ ዓመት ዘልቋል። እንዲህ ከሆነ አንዱ ዕቃ ሁለት ሰው ይይዘዋል ማለት ነው። አገዳና መቀመጫ ባይኖሩ የአገልጋዩ ጣት የጌታው ከንፈር በሚያርፍበት ላይ ባረፈ ነበር። ስለ ወይኑ ሙቀትና ስለ መዓዛው የሚነገረው ሁሉ በኋላ ዘመን የተጨመረ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። አገዳ በመጀመሪያ በሁለት ሰዎች መካከል የተተከለ አጥር ነበር፤ ቁመቱም አንድ ስንዝር የማይሞላ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን የመኳንንት ግብር ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ብርሌውን ከማቅረቡ በፊት ከጠጁ ጥቂት በመዳፉ ላይ አፍስሶ ይቀምስ ነበር፤ ከመርዝ ነጻ መሆኑን በገዛ ሕይወቱ ሊያስመሰክር። ጌታው ሲጠጣም ከዓይነ ጥላ ይከልሉት ዘንድ በነጠላ ይጋርዱት ነበር። ብርሌያችን አገዳ የለውም፤ አንገት እንጂ። አሳላፊውም ጠጪውም የሚይዙት ያንኑ አንገት ነው። የቬኒስ ሰዎች አጥሩን በዕቃው ላይ ሠሩት፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ በነጠላው።

አጥሩ ቆይቶ የማዕረግ መለኪያ ሆነ። ጄራርድ ደ ሌረስ የሚባል የሆላንድ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1690 ገደማ ዓይኑ ጠፍቶ መሳል ቢሳነው፣ ለሠዓልያን ትምህርት የሚሆን ትልቅ መጽሐፍ ከቃሉ አስጻፈ፤ በ1707 ታተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ብርጭቆ የያዙ እጆች ብቻ የተሣሉበት ገጽ አለ። ባላገር ብርጭቆውን በጭብጡ ይጨብጣል፤ ማዕረጉ ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር ጣቶቹ እየላሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ልዕልቲቱ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነክታ ትይዛለች። አንድ ዓይነ ስውር ሰው እጆችን በትዝታው ደርድሮ የሰውን ወገን ከአያያዙ ሲለይ አስቡት። ዛሬም በትልልቅ ሆቴሎች ብርጭቆ በሆዱ የያዘ ሰው በጎን ይታያል፤ እኔም ታይቻለሁ።

አሁን ወደ እንግሊዝ ልሻገር፤ ልቤ ያረፈው እዚያ ነውና ጥቂት ልቆይበት። ጆርጅ ራቨንስክሮፍት የሚባል የለንደን ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1674 አዲስ ዓይነት ብርጭቆ ለመሥራት የሰባት ዓመት የባለቤትነት መብት አገኘ። መጀመሪያ የወጣው ብርጭቆ ሕመምተኛ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ውስጡ በስንጥቅ መረብ ይሞላና ይደፈርሳል። ራቨንስክሮፍት መድኃኒቱን በእርሳስ አገኘ፤ ከቅልጡ የእርሳስ ኦክሳይድ ሲበዛበት ብርጭቆው ጸና፣ ከበደ፣ ብርሃንን እንደ አልማዝ መስበር ጀመረ፤ በጥፍር ሲነኩትም እንደ ደወል ይጮህ ጀመር። ለመዳኑ ማረጋገጫም የቁራ ራስ ማኅተም ይለጥፍበት ነበር፤ የስሙ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ቁራ ማለት ነውና።

ይህ ከባድ ብርጭቆ የቬኒስን ዘንዶና አበባ እንቢ አለ። ስለዚህ የእንግሊዝ ጠቢባን ቀላል ነገር ይሠሩ ጀመር። አገዳውን ከሌላ ቅልጥ ሠርተው ከመለጠፍ ይልቅ ከሆዱ ግርጌ ገና በትኩሱ እየጎተቱ ያወጡታል፤ ሆዱም አገዳውም አንድ ሥጋ ይሆናሉ፤ ቅርጹም እንደ መለከት ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች ይጠባል። ከመሳባቸው በፊት በቅልጡ ግርጌ ጥቂት አየር ያስገቡበታል። ያ የአየር አረፋ ሲሳብ ይረዝማል፤ በአገዳው ልብ ውስጥም ጫፉ እንደ ሾለ ጠብታ ተሰቅሎ ይቀራል። እንግሊዞች «እንባ» ይሉታል። አረፋዎቹን አብዝተው እየሳቡ ሲጠመዝዟቸው ደግሞ አገዳው በውስጡ እንደ ተፈተለ የብር ክር ይሆናል።

በ1745 የእንግሊዝ ፓርላማ በብርጭቆ ላይ ኤክሳይዝ ጣለ። (ኤክሳይዝ የሚለውን ቃል ያነበበ የባንክ ሠራተኛ ቀና ብሎ መቀመጡ አይቀርም።) ግብሩ የሚቆረጠው በክብደት ነበር፤ የተፈለገውም ለጦርነት ወጪ ነው። በክብደት ከተገበረ የከበደ አገዳ ኪሳራ ነው። ብርጭቆዎቹ አነሱ፣ ቀለሉ፤ አየር የተጠመዘዘባቸው አገዳዎችም በዙ። ነገሩን ወደ ተረት ላለመለወጥ አንድ ነገር ልመስክር፤ የአየሩ ጥምዝምዝ ከግብሩ ጥቂት ቀድሞ የተጀመረ ነው፤ ስለዚህ ግብሩ ወለደው ማለት አይቻልም፤ አሳደገው ግን ማለት ይቻላል። ገቢ ሰብሳቢው ጌጥን ከላይ ሲነጥቅ ጠቢቡ አየርን ወደ ውስጥ አስገብቶ ጌጥ አደረገው። አየር አይመዘንም፤ አይገበርበትም። ግጥም እጽፋለሁ የሚል ሰው ይህን ሲያነብ ቢቀና አይፈረድበትም።

በዚያው በ1745 ዓመት ከዙፋን የተባረረው የስቱዋርት ቤት ልጅ ቻርልስ ኤድዋርድ በስኮትላንድ ወርዶ ሠራዊት አስነሣ። በሚያዝያ 1746 በኩሎደን ሜዳ ድል ሆነ፤ ተከታዮቹም ታደኑ። ከዚያ በኋላ ስሙን ጠርቶ ጽዋ ማንሣት አደገኛ ሆነ። ሰዎቹ ግን ጽጌረዳና የባሉጥ ቅጠል በተቀረጸባቸው ብርጭቆዎች ተሰብስበው ይጠጡ ነበር፤ «ለንጉሡ» የሚለውን ጽዋ ሲያነሡም ብርጭቆውን በውኃ በተሞላ ዕቃ ላይ ያሳልፉት እንደ ነበር ይነገራል። ይህም ከባሕር ማዶ ላለው ንጉሥ ማለት ነበር። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። (ዛሬ በጨረታ ከሚሸጡት ከነዚህ ብርጭቆዎች አንዳንዶቹ ከብዙ ዘመን በኋላ ለገበያ የተቀረጹ ሐሰተኞች መሆናቸው ተደርሶበታል። የሞተ ንጉሥም አጭበርባሪ አያጣም።) የብርጭቆው ኤክሳይዝ ደግሞ ልክ መቶ ዓመት ቆይቶ በ1845 ተሻረ።

የ19ኛውን ምዕተ ዓመት በፍጥነት ልለፈው። የምግብ አቀራረብ ሥርዓት ተለውጦ ምግቡ በየተራ ከወጥ ቤት መምጣት ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ቦታ ተገኘ፤ ለእያንዳንዱ እንግዳም ለነጩ፣ ለቀዩ፣ ለሻምፓኙና ለውኃው የተለያየ ብርጭቆ ከነመደዳው ተደረደረ። የፈረንሳዩ ባካራ በ1841 ሃርኩር የተባለውን ወፍራምና ባለ ስድስት ጎን ብርጭቆ አወጣ፤ ቆንጆ ነው፤ ለእኔ ግን ከመጠጫ ይልቅ የሐውልት መቆሚያ ይመስለኛል። በ1823 በቪየና የተመሠረተው ሎብማየር ደግሞ በተቃራኒው ሄደ። ሉድቪግ ሎብማየር በ1856 የነደፈው ብርጭቆ ከስስነቱ የተነሣ በሙስሊን ጨርቅ ስም ተጠራ፤ እኛ ብንሆን «ባለ ነጠላ» በልነው ነበር። በዚያው ቤት አርክቴክቱ አዶልፍ ሎስ በ1931 አገዳውን ጨርሶ ቆርጦ ጥሎ ግርጌው በጥቃቅን መስመር የተፈቀፈቀ ቀጥ ያለ ብርጭቆ ሠራ። ጌጥን የሚጠላ ሰው አገዳንም መጥላቱ ትክክል ነው።

እኅቴ ካመጣቻቸው ሦስቱ አንዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ባለው ታሪክ ነው። የሪደል ቤተሰብ ከ1756 ጀምሮ በቦሔሚያ ብርጭቆ የሚሠራ ቤት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ንብረታቸው ተወረሰ፤ አባት ዋልተር ወደ ሶቪየት ኅብረት ተወሰደ፤ ልጁ ክላውስ ምርኮኞችን ከሚያጓጉዝ ባቡር ዘልሎ በኦስትሪያ ተራሮች ውስጥ ቀረ። በ1956 በኩፍሽታይን ከተማ የከሰረ ፋብሪካ ይዘው እንደገና ጀመሩ። ክላውስ በ1958 ለቡርጎኝ ወይን ያወጣው ብርጭቆ ከአንድ ሊትር በላይ የሚይዝ፣ የሕፃን ራስ የሚያህል፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ጥቂት የተገለበጠ ነው፤ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስብስብም ገብቷል። የክላውስ አሳብ ዓለምን ለወጠ፤ ጌጡን ሁሉ ጥሎ ቅርጹን ለወይኑ አስገዛ። በ1973 ለእያንዳንዱ የወይን ዓይነት የየራሱን ብርጭቆ የሚሰጥ ሙሉ ቤተሰብ አወጣ።

ሻጮች ይህን አሳብ ለማስረዳት ለብዙ ዓመታት የምላስ ካርታ ይጠቅሱ ነበር። ጣፋጩ በጫፍ፣ መራራው በስተኋላ ይቀመሳል፤ ብርጭቆውም ወይኑን በሚገባው ቦታ ላይ ያፈሰዋል ይሉ ነበር። ካርታው በ1901 አንድ ጀርመናዊ ካደረገው ምርምር በስሕተት ተነብቦ የተወለደ ነው፤ ምላስ በሁሉም ጎኑ ሁሉንም ጣዕም ይቀምሳል። ይሁን እንጂ ቅርጽ ከንቱ ነው ማለትም አይቻልም። በ2015 የቶኪዮ ተመራማሪዎች ከወይን የሚወጣውን የአልኮል ትነት በልዩ ካሜራ ቀርጸው አዩት። በ13 ዲግሪ ሙቀት፣ በባለ ሆድ የወይን ብርጭቆ ውስጥ፣ ትነቱ በከንፈሩ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይቆምና መሐሉን ይለቃል፤ በቀጥተኛው ብርጭቆ ግን ያ ቀለበት አልታየም። እንግዲህ ጥቅሙ ለአፍንጫ እንጂ ለምላስ አልነበረም።

ሁለተኛው ብርጭቆ ትንሿ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፍ የደረጃዎች ድርጅት ለቀማሾች ያጸደቃት ናት፤ ቁመቷ 155 ሚሊ ሜትር፣ የሆዷ ስፋት 65፣ የከንፈሯ 46፤ የምትይዘው 215 ሚሊ ሊትር ያህል ሆኖ የሚቀዳባት 50 ብቻ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ትመስላለች፤ ስለዚህ ወደድኋት። ሦስተኛው የዛልቶ ነው። ሃንስ ዴንክ የተባሉ ወይን አዋቂ የኦስትሪያ ቄስ የመከሩበት፣ በ2006 የወጣ፣ በአፍ የሚነፋ ብርጭቆ ነው። የሆዱ ማዕዘኖች 24፣ 48 እና 72 ዲግሪ ሲሆኑ ሠሪዎቹ ከምድር ዘንግ ዘንበል ማለት ጋር ያያይዙታል፤ ይህን ለሚያምን እተዋለሁ። ማዕዘኑ የሰላ መሆኑንና ብርጭቆው ክብደት የሌለው መስሎ መነሣቱን ግን በእጄ አይቻለሁ።

በገና ማግስት ከስምጥ ሸለቆአችን የወጣ አንድ ቀይ ወይን ገዝተን ፈተናውን አደረግን። እኅቴ ዓይኔን በሻሽ አሰረች፤ አገዳውንም በጣቶቼ መካከል እያስቀመጠች በየተራ አስያዘችኝ። ከትንሿ ሽታው ተሰብስቦ መጣ፤ ነገር ግን አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫዬን ወጋኝ። በትልቁ ሆድ ውስጥ ወይኑ እንደ ገጠር ልጅ በአዲስ አበባ ጠፋ፤ ብርጭቆው ለወይናችን ሰፋበት፤ ምናልባት ለቡርጎኝ ጌቶች ይሆን ይሆናል። በሦስተኛው ከንፈሩ የት እንደ ጀመረ አላወቅሁም፤ ወይን ብቻ መጣ። ከዚያም አራተኛ ነገር አስያዘችኝ፤ እጄ ወዲያው አወቀው። የአባታችን ብርሌ ነበር። አፍንጫ አይገባበትም፤ ሽታው ሁሉ ቀርቶ ጣዕሙ ብቻ ጉሮሮ ላይ ደረሰ። ለጠጅ የተፈጠረውን በወይን መፍረድ ግፍ ስለሆነ ዝም አልሁ።

ሻሹን ስትፈታልኝ የቀኝ አውራ ጣቷን አየሁት። አይታጠፍም። በደብዳቤዋም በስልኳም ነግራን አታውቅም። ከአራት ዓመት በፊት በአንድ ትልቅ ምግብ ቤት፣ በእኩለ ሌሊት፣ ብርጭቆ ስታደርቅ ነው። የቀኝ እጇ ከፎጣው ጋር በሆዱ ውስጥ ነበር፤ የግራ እጇ መቀመጫውን ይዟል፤ አንዱ ወደዚህ ሌላው ወደዚያ ሲዞር አገዳው ተጠምዝዞ ከሆዱ ጋር ተሰበረ። ጅማቷ ተቆረጠ። ሁለት ወር ቤት ዋለች፤ ስትመለስም ቦታዋ ተይዞ ቆያት። «መቀመጫውን ይዘህ ሆዱን አታድርቅ» አለችኝ፤ «ሆዱን በአንድ እጅህ እቀፈው፣ በዚያው እጅህ አዙረው። አገዳውን የሚሰብረው ጠጪ አይደለም፤ አጣቢ ነው። የሚቆረጠውም አጣቢው»። ስለ ብርጭቆ ካነበብኋቸው ጽሑፎች አንዱም ይህን አላለኝም ነበር። በቬሮኔዜም ሥዕል የሚቀዱ እንጂ የሚያጥቡ እጆች አይታዩም፤ እነርሱ ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ ናቸው።

እንግዲህ እትዬ፣ ምርጫዬ ይህ ነው። ወይን ለመጠጣት ሦስተኛውን መርጫለሁ፤ ልታዘበውና ልከራከረው ብሞክርም አፌ ፈርዷል። አገዳ ምረጥ ካልሽኝ ግን ካመጣሻቸው ውስጥ አይደለም። በሥዕል እንጂ በዓይኔ ያላየሁት፣ በ1740ዎቹ በእንግሊዝ የመጠጥ ቤቶች ይገኝ የነበረው፣ እንደ መለከት ከሆዱ የተሳበ፣ በልቡ አንዲት እንባ ያለችበት ያልተጌጠ አገዳ ነው። ወፍራም ነው። መቀመጫው ሰፊ ነው። ከጌታ ወደ ሎሌ ሲተላለፍ፣ በጠረጴዛ ላይ በጽዋ ሲመታ፣ በማይታወቁ እጆች ሲታጠብ ሦስት ምዕተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት አንዳንዱ እስካሁን አልተሰበረም። የእኛ ሰው «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» ይላል፤ ይህ ግን ቀዳዳውን ገና ሲወለድ በውስጡ ይዞ የመጣና በዚያው የጸና ነው።

ይህን አንብቤላት ዝም አለች። «ቢሰበርስ ጥሩ ነበር፣ አዲስ ይገዙልን ነበር» ብላ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ሦስቱን አጠበቻቸው፤ እያንዳንዱን ሆድ በግራ መዳፏ አቅፋ፣ በማይታጠፈው ጣቷ ፎጣውን እየገፋች። ከቁም ሣጥኑ ላይ በብርሌው አጠገብ ደረደረቻቸው።

በሄደች በማግስቱ ከሥራ ስመለስ እናቴ ቡና አቅርባ ጠበቀችኝ። ከረከቦቱ ጎን ትልቁ የቡርጎኝ ብርጭቆ ቆሟል፤ ግማሽ ድረስ ውኃ ተሞልቶ አንድ እቅፍ ጤና አዳም ተሰክቶበታል።

«ይኼኛው አፉ ሰፊ ነው» አለችኝ፤ «ለዚህ ይሆናል»።